አራት ዲግሪ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሕክምና ትምህርት ቤቱ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን የናሙና ማቆያውን ቀዝቃዛ ክፍል ሲከፍት ጋሼን ወለሉ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጀርባቸውን ለመደርደሪያው ሰጥተዋል፤ ነጭ ጋውናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ከሞቱ ቆይተዋል።

ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው እኚህ ሰው እዚያው ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ተመራማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ስለዚህ ከዓርብ እስከ ሰኞ «የት ገቡ?» ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ይሄ ከሞታቸው ይልቅ ያንገበግባል።

ምርመራው የተሰጣት ኢንስፔክተር «ቆይ እስቲ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት ሴት ናት። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እጇን አንስታ እንዲያ ማለት ታበዛለች። ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለውን የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ አነበበች። ቅዳሜ ጠዋት አራት ዲግሪ፣ እሑድ ጠዋት አራት ዲግሪ ይላል። ሁለቱም ላይ የቴክኒሻኑ ፊርማ አለ።

«ቅዳሜ ገብተህ ፈርመሃል። ሰውዬው እግርህ ሥር ነበሩ። አላየኋቸውም ልትለኝ ነው?»

ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ። «አልገባሁም፣ ኢንስፔክተር። የቅዳሜና እሑዱን ዓርብ ነው የምሞላው። ክፍሉ ሁሌ አራት ነው፤ ተረኛ የሆነ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ማን ያምንሃል?»

«ማንም» አለና በሩ ላይ ካቴና ይዘው ወደቆሙት ፖሊሶች አየ። «ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«ቆይ እስቲ። ስትከፍት መብራቱ እንዴት ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

ማብሪያ ማጥፊያው ከውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። እሱንም ልብ አለችው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሯ፣ ዓርብ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል። «ጋሼ ለዛሬ ቀጠሮ ይዘው ነበር» አሉ። «ስለ ተማሪያቸው ጥናት አንድ ነገር ልንገርሽ ብለውኝ ነበር። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

ተማሪያቸው አሁን ስም ያወጣ ተመራማሪ ሆኗል። «አባቴ ማለት ናቸው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው የወጣሁት። ዛሬም የደረስኩት ከሁሉም በኋላ ነው። ምስኪን! ያን ሁሉ ሰዓት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ብቻቸውን!»

ኢንስፔክተሯ እጇን አላነሳችም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቆይ እስቲ» ሳትል ዝም ብላ አሰናበተችው።

ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ የለም፤ ቢሮአቸው ጠረጴዛ ላይ ነው የተገኘው። የቀኝ እጃቸው ጣቶች በማርከር ጠቁረዋል፤ ቅጹ ግን የተሞላው በእስክሪብቶ ነው። ታዲያ በማርከሩ የት ላይ ጻፉ? ጥርሷ እየተንገጫገጨ የናሙና ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ በር ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታል፤ ሞክሬዋለሁ። ጋሼ ያልወጡት ከውጪ መቀርቀሪያው ላይ ብረት ተሰክቶበት ስለነበረ ነው። አዲስ ጭረት ጥሏል። ብረቱን ዛሬ ጠዋት፣ ቴክኒሻኑ ከመድረሱ በፊት፣ የነቀለ ሰው አለ። በጥበቃው መዝገብ አንድ ሰዓት ላይ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ተመራማሪው ዞረች። «ከሁሉም በኋላ ደረስኩ ያልከው አንተ።»

«መግባትማ ወንጀል ነው እንዴ?»

«ቆይ እስቲ። ዓርብ በሩን የዘጋው ሰው መብራቱንም አጥፍቶ ነው የሄደው፤ ሰው እንዳለ እንዳይታወቅ። ዛሬ ሲመለስ፣ ሥራ ላይ እንዳሉ በራሳቸው የሞቱ እንዲመስል፣ አበራው። ሁላችንም ያየነው የበራ ክፍል ነው። ጨለማ እንደነበረ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሞተዋል። ሁለተኛው ‹በዚያ ጨለማ ውስጥ› ብሎ አለቀሰላቸው።»

ተመራማሪው ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። «እንዲሁ ነው ያልኩት!»

አንድ የሳጥን ክዳን አወጣች። ውስጡ ላይ ያሉት መስመሮች እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል፤ ሳያዩ የተጻፉ ናቸው። «የሙቀት መለኪያው ቀይ ቁጥር፣ ሰዓቱም ጭምር፣ በጨለማ ይታያል። ‹ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ከሃያ። መብራት ጠፋ። አንኳኳሁ።› ለምን እንደገቡም ሳጥኖቹን ስቆጥር ገባኝ። ጥናትህ የሁለት መቶ በሽተኞች ናሙና ይላል። እዚህ ያለው የስልሳ ነው። ዛሬ ለፕሮፌሰሯ ሊነግሯቸው የነበረው ይሄንኑ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ተመራማሪው ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። «አንድ ሌሊት ብቻ ፈርተው ዝም እንዲሉ ነበር። ቅዳሜ ተረኛው ያወጣቸዋል ብዬ ነበር።»

«እሱን ለዳኛው ንገረው» አለች። ካቴናው ለእሱ ሆነ።

ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን ቴክኒሻኑ አልሄደም። «እኔ ነፃ ነኝ?»

«ነፃ ነህ። ልጆችህ ጋ ሂድ።»

«ሌላስ ምን ጽፈዋል?»

«ቆይ እስቲ» አለች፤ ግን የምታስከትለው ጥያቄ አልነበራትም። ክዳኑን ሰጠችው። በመስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አነበበው፦

ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት። አራት ዲግሪ። ናሙናዎቹ ደህና ናቸው። ተረኛው አሁን ይደርሳል።

ሦስት ሰዓት። አራት ዲግሪ። ተረኛው ዘገየ።

አራት ሰዓት። አራት ዲግሪ።

ከዚያ በታች ክዳኑ ባዶ ነው።