የድሬሰር ብዙነህ ቃሬዛ

የቁስለኛ አካሚው የድሬሰር ብዙነህ ሬሳ መካነ ሰላም ውስጥ፣ ድሮ ሦስተኛ ክፍል በነበረው ቤት ጥቁር ሰሌዳ ሥር፣ ጋቢ ለብሶ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል። ጦርነቱ ወደ ወሎ ቦረና ደጋ ከወጣ ወዲህ ትምህርት ቤቱ የቁስለኛና የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኗል፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የማባዣ ሰንጠረዥ እንኳ የሚያጠፋው አልተገኘም። ከአጅባር የተጠራው መርማሪ መቶ አለቃ አራጌ ደጁ ላይ ሲደርስ እንደምን ዋልክ ያለው የለም። አንዲት ባልቴት ቆቡን አይታ እንትፍ አለች። አራጌ አልተቀየማትም። ፖሊስ ባየ ቁጥር አፈሳ መጣ ብሎ ልጁን ጎተራ የሚከት አገር ምን ይበለው? እሱም ቢሆን ሰው ይውደደኝ ብሎ የሚለፋ ፍጡር አይደለም።

ሊገባ ሲል ሁለት ሰዎች የታመመች ሴት በቃሬዛ ይዘው ደረሱበት።

«ገለል በል» አለው የፊተኛው፤ ለማዕረጉም አልተጨነቀ። አመጣጣቸው ሴትዮዋን በእግሯ በኩል ለማስገባት ይቀል ነበር። ሰውየው ግን «ራሷ ይቅደም እንጂ፣ ምን ነካህ?» ብሎ የኋለኛውን ተቆጣና እጭቃው ውስጥ ዞረው አስገቧት። አራጌ አያቸውና ገለል አለ።

እነዚህ የቅሬ ሰዎች ናቸው። ወሎ ላይ ቅሬ ማለት እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ሆኖ ሬሳውን የሚቀብርበት፣ በሽተኛውን የሚሸከምበት ማኅበር ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ያው ትከሻ ወታደሩንም ገበሬውንም ከሸለቆ እያወጣ እዚህ ያደርስ ጀመር፤ በፈቃዱ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ምስጋና። ወታደሩ «ወንበዴ ታክማላችሁ» ይላቸዋል። ገበሬው ደግሞ «ልጃችንን ላፈሰ ወታደር መድኃኒት ትሰጣላችሁ» ይላቸዋል። የሁሉም አለቃ ብዙነህ ስለነበር የሁለቱንም ወገን ስድብ የሚጠጣ እሱ ነበር።

የጦሩ ሻምበል በንዴት ጠበቀው።

«አንተን ማን እንደጠራህ አላውቅም። ነገሩ አልቋል። ትናንት ከሰዓት ብዙነህ ገደል ወደቀ። ከነነፍሱ አመጡት። ያ የሼኹ ልጅ፣ አብዱልጀሊል የሚሉት፣ መርፌ ወጋው፤ ሞተ። የደሴው መኪና ተጭኖ እንዳለቀ አብሮ ይሄዳል።»

«ደሴ ሄዶስ?»

«ደሴ ይደርሳል ያለህ ማን ነው?»

አራጌ በመስኮቱ ተመለከተ። ወታደሮች ካሚዮኑ ላይ ከረጢት ይጭናሉ። ከፊተኛው ጎማ ሥር አንዲት አሮጊት ቁጭ ብላለች። የአብዱልጀሊል እናት ሩቂያ ናት፤ ቢሰድቧትም ቢገፏትም ከዚያ ንቅንቅ አላለችም። ወደ እሷ ወጣ።

«አንተም ከነሱ ነህ» አለችው ገና ሳይናገር።

«እኔ ከማንም አይደለሁም፣ እማማ።»

«ከማንም ያልሆነ ሰው ምን ይበጀኛል?»

ተመልሶ ገባና የሬሳውን ጋቢ ገለጠ። ከጭንቅላቱ በስተኋላ አንድ ጥልቅ ቁስል አለ። መዳፎቹን ገልብጦ አየ፤ ጉልበቶቹንም አየ። አንዲት ጭረት የለባቸውም። ገደል የሚወድቅ ሰው ድንጋዩ ቢያመልጠው እሾኹንም ቢሆን ይጨብጣል። ይህ ሰው ምንም አልጨበጠም።

አብዱልጀሊልን ዕቃ ቤት ውስጥ እጁን የፊጥኝ ታስሮ አገኘው። ጢሙ ገና ያልሞላ ወጣት ነው።

«ለምን ወጋኸው?»

«ቀዝቅዞ ነበር። እጁን እንደያዝኩ ዐወቅሁ። ወታደሩ ንጉሡ ግን ‹አልሞተም፣ ቶሎ በል› እያለ ይጮኽብኛል። ሥራውን ያስተማረኝ ብዙነህ ነው። ወላሂ፣ ልቤ ሞቷል ማለትን እምቢ አለኝ። ሬሳ ነው የወጋሁት፣ መቶ አለቃ።»

«ማን ያምንሃል?»

«ማንም። እናቴ እንኳ ‹እውነትህን ነው?› ብላኛለች።»

ንጉሡ የጅማ ልጅ ነው። ክረምቱን ተስቦ ይዞት፣ በቁሙ ተስፋ ተቆርጦበት፣ እዚሁ ከሞት ተርፏል። ካገገመ በኋላ ቃሬዛ ልሸከም ብሎ ቀረ። ካፖርቱ ደረት ላይ ደም ደርቆበታል።

«እኔው ራሴ ተሸክሜዋለሁ። በሕይወት ነበር» አለ በቁጣ።

«ቁጣውን ተወውና ንገረኝ። እንዴት አገኘኸው?»

«ብዙነህና የቅሬው ሰው ቸኮል ቁስለኛ ሊያመጡ ሸለቆ ወርደው ነበር። ቁስለኛውን ሌሎች ቀድመው ወስደውታል። ባዶ ቃሬዛ ይዘው ሲመለሱ ነው የወደቀው። ቸኮል ሲጣራ ሰምቼ ሮጥኩ። ቃሬዛው ላይ አስተኝቶ፣ አስሮ፣ አልብሶ ጠበቀኝ። መንገዱን የሚያውቅ እሱ ስለሆነ ከፊት ያዘ፤ እኔ ከኋላ።»

«ብዙነህ ሲናገር ሰማኸው?»

«ቸኮል ያናግረው ነበር። ‹አብሽር፣ ደረስን› ይለው ነበር።»

«እሱስ ምን መለሰ?»

«ቸኮል ‹ውሃ ይላል› አለኝ። እኔ… ፊቱም ለብርዱ ተብሎ ተሸፍኖ ነበር።»

«ደረትህ ላይ ያለው ደም የማን ነው?»

«የሱ ነዋ። ከጭንቅላቱ ሥር ሲንጠባጠብ መጣ።»

አራጌ ደሙን ልብ ብሎ አየው። ከዚያ ለሕፃናቱ አጥሚት ወደምታፈላው ወደ አልታዬ ሄደ። ሻምበሉ «እሷም አትቀርም፤ ማንም ሞተ ሳይላት ዋይ ብላ ጮኻለች። ከየት ዐወቀች?» ብሎ ነበር።

«እትዬ አልታዬ፣ ብዙነህን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

«እጠላው ነበር። ዱቄቱን ለወታደር ሲያካፍል እኔ የሕፃናቱን አጥሚት አቀጥን ነበር። የጠላ ሁሉ የሚገድል ቢሆን መካነ ሰላም ላይ ማን ይተርፍ ነበር?»

«ታዲያ ማንም ሳይነግርዎ፣ ሳያረዳዎ ለምን አለቀሱ?»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። «እኔም ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ አደርኩ። ደጅ ቆሜ ነበር። ቃሬዛው ከጉሙ ብቅ ሲል ሳላስበው ጮህኩ። ቸኮል ‹ዝም በይ፣ አልሞተም› ብሎ ተቆጣኝ።»

«በዚያ ጉም ብዙነህ መሆኑን በምን ለዩት?»

«በጫማው። ያቺን የተጣፈች ጫማውን ማን ያጣታል?»

ነገሩ አራጌ እጅ ገብቷል፤ ደስ ግን አላለውም።

«ከቸኮልስ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ቸኮል ሚስቱን ንግሥቴን በክረምቱ ተስቦ ቀበረ። መድኃኒቱ ላንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ብዙነህ ለወታደር ሰጠው። ቸኮል ግን ምንም አላለ። ሰልስቷ እንደወጣ ቃሬዛውን ተሸከመ። ምን ዓይነት ሆደ ሰፊ ሰው ነው ብለን ነበር።»

«መቃብሯን ማን ቆፈረ?»

«አብዱልጀሊል ነዋ። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ መዳፉ ተላጠ።»

ቸኮል ራሱ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሽበት የጀመረው፣ ትከሻው በሸክም የጎበጠ ጎልማሳ ነው። ከጉልበቱ ላይ ልጡ ገና የተላጠ፣ እርጥብ ዱላ አጋድሟል።

«አያ ቸኮል፣ ዱላው አዲስ ነው።»

«አሮጌው ትናንት ገደል ገባ። ብዙነህን ልይዝ ስል አመለጠኝ።»

«ብዙነህ እስኪደርስ ድረስ ይናገር ነበር?»

«ውሃ፣ ውሃ ይል ነበር። ምን ላርገው፣ አልነበረኝም።»

ከውጭ የካሚዮኑ ሞተር ተነሣ። ሩቂያ አልተነሣችም። ሻምበሉ «በቃ» ብሎ ሲመጣ አራጌ አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ ሁሉም ሬሳው ካለበት ቤት ይሰብሰቡ። ሻምበሉ እየተሳደበ ፈቀደ። አብዱልጀሊል እንደታሰረ ገባ። አልታዬ፣ ንጉሡ፣ ቸኮል፣ አንድ ሌላ የቅሬ ሰውም በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ።

«ሬሳው ለቀብር ይውጣ» አለ አራጌ። «አያ ቸኮል፣ አንሡት።»

ቸኮልና የቅሬው ሰው ጎንበስ አሉ። የብዙነህ ራስ ወደ በሩ ነበር። ሁለቱም ቃል ሳይለዋወጡ፣ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየገፉ ቃሬዛውን አዞሩት።

«ቁሙ። አዙሩት ያላችሁ ማን ነው?»

የቅሬው ሰው ገረመው። «ሬሳ አይደል? ሬሳ በእግሩ ይወጣል። ራሱ የሚቀድመው በሕይወት ያለ ሰው ነው። አንተ የወሎ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ለሻምበሉ ንገርልኝ ብዬ ነው» አለ አራጌ። ቸኮል ቃሬዛውን ቀስ ብሎ መሬት አኖረ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«እትዬ አልታዬ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ነው። እግሩ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ዓይናቸው ሬሳ መሆኑን ዐወቀ፤ እሳቸው ግን ለምን እንደጮኹ እስከ ዛሬ አላወቁም። ንጉሡ ከኋላ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ ደረቱ ሥር የሚመጣው እግር ነው፤ ደሙን ከየት አመጣው? የጅማ ልጅ ስለሆነ ልማዱን አያውቅም፤ አልሞተም ሲሉት አመነ። ቃሬዛው ላይ ያስተኛው፣ ፊቱን የሸፈነው፣ ከፊት የያዘው ግን የቅሬ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሬሳ ተሸክሟል። አፉ ‹ደረስን፣ አብሽር› ሲል እጁ እውነቱን ሠራ።»

«ወድቆ ሞቶ፣ ቸኮል ሳያውቅስ?» አለ ሻምበሉ።

«ባያውቅማ ራሱን ያስቀድም ነበር። ዐውቆ ለምን ደበቀ? የወደቀ ሰው መዳፉ እንዲህ ንጹሕ አይሆንም። ከኋላው ነው የተመታው፤ የመታውም ዱላ ገደል ገብቷል። ትናንት ያልነበረው ዱላ ዛሬ እርጥብ ሆኖ መጣ። አያ ቸኮል፣ ተሳሳትኩ?»

ቸኮል ብዙነህን እያየ ተናገረ።

«ልገድለው አልወጣሁም። ክረምቱን ሙሉ አንድ ነገር ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ትናንት ሁለታችን ብቻ ሆንን። ‹ንግሥቴ ደጅህ ላይ ተኝታ መድኃኒቱን ለምን ለሌላ ሰጠህ?› አልኩት። ፊቱን እንኳ አላዞረም። ‹ለሚድነው ሰጠሁት› አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሰጠው ሰው ድኗል። ይኸው ቆሟል።»

ሁሉም ወደ ንጉሡ ዞሩ። ንጉሡ የካፖርቱን ደረት በእጁ ሸፈነው። የዳነው ለንግሥቴ በተነፈገው መድኃኒት መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበር።

«እኔንስ?» አለ አብዱልጀሊል። «እኔ ምን አደረግሁህ፣ አያ ቸኮል?»

«አንተንማ አላሰብኩህም። እዚህ ደርሶ ሞተ ይባላል፣ ይቀበራል፣ ያበቃል ብዬ ነበር። ሲያስሩህ ልናገር አልኩ። አፌ አልከፈት አለኝ።» አንገቱን ደፋ። «መቃብሯን የቆፈረውን ልጅ አሳልፌ ሰጠሁ። ለሱ ማረኝ አልልህም።»

ሻምበሉ «እሱን ጫኑት» ሲል አራጌ በሩን ዘግቶ ቆመ። «የኔ እስረኛ ነው። በእግሩ ከኔ ጋር አጅባር ይሄዳል፤ ዳኛ ያየዋል። ካልሆነ እኔንም ጫነኝ።» ሻምበሉ ለረጅም ጊዜ አፈጠጠበትና ትቶት ወጣ። አብዱልጀሊል እጁ ተፈታ። ሩቂያ ከጎማው ሥር ስትነሣ እግሯ ደንዝዞ ልጇ ላይ ወደቀች። አራጌን ያመሰገነው የለም። ያቺው ባልቴት እንደገና ተፋች፤ ደግሞ አንዱን ሰዋቸውን አስሮ እየወሰደባቸው ነው።

መርማሪውና እስረኛው የሸለቆውን አፋፍ ሲያልፉ ከመንገዱ ዳር ሁለት ሰዎች አንድ ቁስለኛ ቃሬዛ ላይ ያስተኛሉ። ከፊት አብዱልጀሊል ነው፤ የገመዱ ምልክት ገና ከክንዱ አልጠፋም። ከኋላ ንጉሡ ነው። ቁስለኛው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ወታደር ይሁን ገበሬ በጭቃው አይለይም። ንጉሡ እንጨቱን ይዞ ቀና ሲል ከቸኮል ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ። ሁለቱም ለመራቅ ቦታ አልነበራቸውም።

ቸኮል ቃሬዛውን አየ። የቁስለኛው እግር ወደ መንገዱ ነው።

«ይተነፍሳል?» ሲል ጠየቀ።

ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከቁስለኛው አፍ አስጠጋ። «ይተነፍሳል።»

«እንግዲያ አዙረው። ራሱ ይቅደም።»

ንጉሡ አዞረው።