ገበያውን ያቆመው የሰዓዳ «ቆይ»

ሰዓዳ ገና ጎህ ሳይቀድ ምሰሶው ጫፍ ላይ ወጥታ ጉም ታልብ ነበር። ድሬዳዋ ከተራራ ተራራ በተወጠሩ መረቦች የሚታለበውን ጉም መጠጣት ከጀመረች ሁለት ትውልድ አልፏል። ስለዚህ አንዲት ሴት ከከተማው በላይ በቅርጫት ተንጠልጥላ፣ እግሯን እያወዛወዘች ሳምቡሳ ብትበላ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ከጆሮዋ ጀርባ የተለጠፈው ምስር የሚያክል ነገር መካሪዋ ነው። መካሪ በሰው ፈንታ አክሲዮን የሚመርጥ፣ የሚገዛና የሚሸጥ የማሽን አእምሮ ሲሆን፣ ድሬ ውስጥ ደሞዝ የሚያገኝ ሁሉ አንድ አንድ አለው። ሰዓዳ የራሷን «ጭምቱ» ብላዋለች። እውነትም ጭምት ነው፤ አይቆጣም፣ አይቸኩልም፣ አንድ ቦታ ላይ ብዙ አያፈስም። ጠዋት ጠዋት የሚገዛውን ይነግራታል፣ እሷም «እሺ» ትላለች፣ አለቀ። ሰው «እሺ» ካላለ ግን መካሪ ሰባራ ሳንቲም አያንቀሳቅስም፤ ሕግ ነው።

የዛሬው ጠዋት ከሌላው ይለያል። የመረቡ ድርጅት አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚሸጥበት ቀን ነው። በቂ ገዢ ካላገኘ መረቦቹ ይጠቀለላሉ፣ ውሃውም ከሩቅ አገር በቧንቧ ይገዛል። መረቡንና ምሰሶዎቹን ስትጠግን የሰዓዳ እጅ ጠጥሯል፤ የትኛው ገመድ በየትኛው ንፋስ እንደሚያቃስት ታውቃለች። ያጠራቀመችውን ሁሉ እዚህ ላይ ማፍሰስ አማራት።

ጭምቱ ግን ሌላ ይዞ መጣ፤ ከሕዋ መስታወት አክሲዮን ትንሽ፣ ከአፋር እንፋሎት ትንሽ፣ ከባቡሩ ትንሽ። መረቡስ ብላ ጠየቀችው። ለጀማሪ አይሆንም አላት። አንድ ቦታ የተከመረ ገንዘብ አንድ ቀን ይጠፋል፣ መበተን ነው የሚበጀው ብሎ ያንኑ የለመደችውን ደገመላት። ምክሩ ስህተት አልነበረበትም፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው።

«ቆይ» አለችው። «ዛሬ የምመርጠው እኔ ራሴ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ሳምቡሳዋ ተመለሰች።

ነገር እንደመጣ ያወቀችው የአክሲዮን ገበያው ማማ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ብጫ ሲሆን ነው። የሚገዛም የሚሸጥም ጠፋ። ወዲያው አክስቷ ወይዘሮ ሩቂያ ደወሉላት፤ መካሪያቸው «እየጠበቅኩ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። የጎረቤታቸውም፣ የባለሱቁም፣ የመስጊዱ ኢማምም እንደዚያው ሆኗል። ማንን ነው የሚጠብቀው ብትላቸው ጊዜ እኔ ምኑን አውቄው ብለው ዘጉት።

ብዙም ሳይቆይ የገበያው ዋና መሐንዲስ ቶለሳ በበራሪ ወንበር ቅርጫቷ ድረስ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል።

መካሪዎቹ አልተበላሹም አላት። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ ቢፈልግ ቢፈልግ እሷን አገኘ። ማሽኖቹን ሲያስተምሯቸው የከተማዋን ሱቆች የመቶ ዓመት የገበያ መዝገብ መግበዋቸው ነበር። እዚያ ውስጥ ደግሞ ነጋዴው ሁሉ በማለዳ መጀመሪያ የገባውን ደንበኛ እያየ ቀኑን ይገምታል፤ እግረ እርጥብ ከገባ ፊቱ ይፈካል፣ እግረ ደረቅ ከገባ ቀኑ ተበላሸ ብሎ ያዝናል። ማሽኖቹም የራሳቸውን እግረ እርጥብ ፈለጉ። ሰዓዳ ከሁሉም ቀድማ ሥራ ስለምትገባ የከተማው የመጀመሪያ «እሺ» ሁልጊዜ የእሷ ነው። እሷ እሺ ያለችበትን ሁሉም ይከተላል፤ ሁሉም ስለሚከተል ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ እግረ እርጥብነቷ ይረጋገጣል። ዛሬ «ቆይ» ስትል ድፍን ከተማ ቆመ።

ሰዓዳ እስከዛሬ በጭምቱ ብልሃት ያተረፈች ይመስላት ነበር። ሳቋ መጣ፣ ቅርጫቱም አብሯት ተንቀጠቀጠ።

«አሁን የፈለግሽውን ምረጪ» አላት ቶለሳ። «ምንም ይሁን ምን ከተማው ይከተልሻል።»

አንድ ቃል ከተናገረች መረቡ ዳነ፣ ሥራዋም ዳነ፣ ምናልባትም ሀብታም ሆነች። አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ዓይኗ ከቅርጫቷ ሥር ያለው ምሥራቃዊው ምሰሶ ላይ አረፈ። ምሰሶው ተሰንጥቋል። ድርጅቱ አልደበቀውም፤ መካሪዎቹ ያውቃሉ፣ ሰው ግን መካሪ ካለው ምን አደከመው ብሎ አይጠይቅም። ሰዓዳ በራሷ ገንዘብ ስንጥቁን አልፈራችውም፤ የምትበይደው እሷው ናት። የአክስቷ ጡረታ ተከትሏት ሲገባበት ግን ፈራች። ብየዳዋ ባይይዝ የሚጠፋው የእሷ ብቻ አይደለም።

ሁሉም ጆሮ ጋ መድረስ ትችል እንደሆነ ጭምቱን ጠየቀችው። ሁሉም እየጠበቁሽ ነው፣ ትደርሻለሽ አላት። ቶለሳ ሐሳቧ ገብቶት ለመናት፤ ስንጥቁን ካነሳሽ ማንም አይገዛም፣ ነገ ሥራ የለሽም አላት። እሷ ግን ተናገረች።

«ሰዓዳ ነኝ፣ መረብ ጠጋኟ። ምሥራቃዊው ምሰሶ ስንጥቅ አለው። እኔ ያለኝን ሁሉ አፈስበታለሁ፣ ጥገናውን ስለማውቀው። እናንተ ግን እኔን አትከተሉ። የምሰሶው ሊፍት ክፍት ነው፤ ወጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ።»

ከዚያ ለጭምቱ «እሺ፣ መረቡን ግዛልኝ» አለችው።

መብራቱ ለጊዜው ብጫ እንደሆነ ቆየ። መካሪዎቹ ግን መጠበቃቸውን ትተው ባለቤቶቻቸውን አንተስ ምን ይመስልሃል፣ አንቺስ ብለው ይጠይቁ ጀመር። እንዲህ ተጠይቆ የማያውቅ ሕዝብ ግራ ገባው። ከዚያ የሊፍቱ ገመድ አቃሰተ። ሽርጥ እንዳገለደመ የመጣ አለ፣ ዳቦ በእጁ የያዘ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች። ስንጥቁን ይዳስሳሉ፣ ብየዳው ስንት ክረምት ይይዛል ይሏታል፣ እርስ በርስ ይከራከራሉ። ሰዓዳ እየመለሰች ድምጿ ሻከረ፣ ደስታዋ ግን ልክ አልነበረውም። አንዱ ይገዛል፣ አንዱ ራሱን ነቅንቆ ይወርዳል፤ መብራቱ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ሄደ።

ወይዘሮ ሩቂያ መደገፊያውን ሙጭጭ አድርገው ይዘው ወጡ። እኚህ ሴት መጋረጃ እንኳ ሦስት ጎረቤት ሳያማክሩ አይገዙም። ስንጥቁን በጣታቸው ተከተሉት፣ ቁልቁል አዩ፣ እንደገና ስንጥቁን አዩ።

«ይሄን አይቼማ አልገዛም አቦ» አሉ። «አንቺ በይጂው። ይዞ ከከረመ ተመልሼ አየዋለሁ።»

ሰዓዳ ለአፍታ ከፋት። ቀጥሎ አክስቷ ማንንም ሳያማክሩ እንደወሰኑ ገባትና አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው። አሮጊቷ ምን ሆነች ይቺ ልጅ ብለው ገፋ አደረጓት።

ቶለሳ ከታች ደወለ፤ ድርጅቱ በጭንቅም ቢሆን ለመክረሚያ የሚሆነው ገዢ አግኝቷል። ሰዓዳ እፎይ ሳትል ጭምቱ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለ። የከተማው መካሪዎች ሁሉ ወይዘሮ ሩቂያ ለምን እምቢ እንዳሉ እየጠየቁ ነው፤ የአንቺው አክስት ናቸው፣ ስንጥቁን ያየ ብዙ ሰው ደግሞ ገዝቷል፣ ምን ልበላቸው አላት።

«ራሳቸው አስበው ነው በላቸው።»

«ማሰብን እንዴት ነው የምንከተለው?» አለ ጭምቱ።

ሰዓዳ መበየጃዋን አንስታ ወደ ስንጥቁ ወረደች።