ዕረፍት የሌለው ዜማ

ካንሳስ ሲቲ፣ አሥራ ስምንተኛው ጎዳና ላይ ከአይሶም የተሻለ ትራምፔት የሚነፋ ሞልቶ ነበር። ዜልማ የወደደችው ግን እሱን ነው። ምን ይደረግ፣ ልብ አማካሪ አይሰማ።

ፒያኖ ተጫዋቿ ዜልማ ሁለቱም የሚጫወቱበትን ባንድ ኖታ ለየተጫዋቹ የምትጽፈው ራሷ ነበረች። አይሶም የመጀመሪያ ቀን ኖታዋን ተጫውቶ ሲጨርስ ዞሮ አያት።

«ይሄን የጻፈ ሰው ትንፋሼ የት እንደሚያልቅ ያውቃል» አላት።

ትራምፔት ነፊ ከንፈሩን ካላሳረፈ ያብጥበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ በኖታው መሃል ዕረፍት ትጽፍለት ነበር። እሱም ዕረፍቱን እሷን ሲያይ ይጨርሰዋል። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር የጀመረው።

ኋላ ለእሱ ብላ የደረሰችው ዝግተኛ ዜማ በሸክላ ታትሞ መጣ። ሸክላው ላይ ያለው የአይሶም ስም ብቻ ነበር።

«የሴት ስም ያለበት አይሸጥም አሉኝ እኮ፣ የኔ ቆንጆ። ስንጋባ ያንቺም አይደል?»

«እሱስ ልክ ነህ» አለችው ፈገግ ብላ። አንጀቷ ግን አሯል። ሞኙ ፈገግታዋን አመነ።

ቅዳሜ፣ ዳንሱ ሊጀመር ሲል አዲስ ኖታ አደለች።

«አንዴ አንሞክረውም?» አለ የባንዱ መሪ።

«ልምምድ ለጀማሪ ነው» አለ አይሶም እንደ ልማዱ።

ተጀመረ። ሳክስፎኖቹ አረፉ፤ ትሮምቦኖቹም በተራቸው አረፉ። አይሶም ገጽ ገለጠ፤ ለሱ ዕረፍት የለም። ደግሞ ገለጠ፤ አሁንም የለም። ቀና ብሎ ሲያያት ያችኑ ፈገግታ ፈገግ አለችለት። ጨፋሪው «ድገመው!» እያለ ይጮኻል። የአይሶም ከንፈር ደማ። ያን ከንፈር ስማዋለች። እጇ ግን አልቆመም።

በመጨረሻ ትራምፔቱን አውርዶ ወደ ፒያኖው ጎንበስ አለ።

«ዜልማ፣ ዕረፍት ስጪኝ።»

«ማይክራፎኑ ያውልህ» አለችው እየተጫወተች።

ሄደ። «የሸክላው ዜማ የኔ አይደለም» አለ ለሕዝቡ። «የደረሰችው ዜልማ ነች።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ዜልማ ያንን ዝግተኛ ዜማ ብቻዋን ጀመረችው። አይሶም ከንፈሩን ጠርጎ፣ እንደ ወትሮው በአንገቷ ምልክት እስክትጠራው ጠበቀ። ዜማው አለቀ፤ አልጠራችውም።

ሰው ሲበተን ቀረባት።

«ይቅር አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ» አለች ኖታዋን እየሰበሰበች።

«ታዲያ መቼ ልትመልሺኝ ነው?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ቀና ብላ አየችው።

«ዕረፍት አልነበር የጠየቅኸኝ?» አለችው። «እንግዲያው ዕረፍ።»