ትንፋሽ ተይዞ የተወሰደ ልክ

ልብስ ሰፊ ቤት የሚገባ ሁሉ ጨርቁን እንጂ ሰፊዋን አያይም። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ያስቀይራል፣ «ለነገ ይድረስልኝ» ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። ከብስክሌት ጥገናው ጋር ግድግዳ በምትጋራው ጠባብ ክፍል ውስጥ አጎንብሳ ስትሰፋ ስንት ዘመኗ! አንድ ሰው እንኳ «ደከመሽ ወይ?» ብሏት አያውቅም። ድንገት ብድግ ስትል ያያት ደንበኛ «ለካ እግር አላት!» ሳይል አይቀርም።

ያያት ጎረቤቷ ነው፣ ብስክሌት ጠጋኙ። አንድ ቀን የቁምጣውን መቀመጫ ቀዶ፣ ኋላውን በካርቶን ሸፍኖ፣ እንደ ሸርጣን በጎኑ እየተራመደ ገባ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ኮርቻው በላኝ።»

ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ዓይኑን ከፊቷ አላነሳም። በጨለማ ክር የምታስገባ ሴት የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት።

ከዚያ ወዲህ ቁምጣው ቶሎ ቶሎ ይቀደድ ጀመር።

ጓደኞቹ ደጁ ላይ ተሰብስበው ስለ አንድ ውድድር ሲያወሩ የሰማችው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ሐይቁን መዋኘት፣ ከውሃ ወጥቶ ብስክሌት መንዳት፣ ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ፤ ሁሉም ሳያርፉ። ጀማሪ ሴቶች ጠፍተዋል አሉ። አንገቷን ብቅ አድርጋ «እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለቻቸው።

ቅልብልቡ ረጅሙ ጓደኛው ከላይ እስከ ታች አያት። «እመቤት፣ ይሄ እኮ የስፌት መኪና አይደለም።»

«ፔዳል እንደሆነ ካንተ በላይ ረግጫለሁ!»

ሁሉም ሳቁ። ጠጋኙም ትንሽ ሳቀ። ያችን ትንሽ ሳቅ አየቻት፣ ግን ዋጠቻት። ሰዎቹ ሲሄዱ ቀስ ብሎ መጣ።

«የምርሽን ነው?»

«ታዲያ ስቀልድ አይተኸኛል?»

«እንግዲያው አስተምርሻለሁ።»

ኮርቻዋን ይዞ ከኋላ ከኋላዋ እየሮጠ አስተማራት። መዋኛ ገንዳ ወስዶ የትንፋሽ አወሳሰድ ሲያሳያት ውሃውን ትጠጣው ጀመር።

«ቀስ! ለሌሎቹም አስተርፊላቸው እንጂ!»

በጀርባዋ እንድትንሳፈፍ በመዳፉ ከስር ሲደግፋት ግን ሁለቱም ዓይናቸውን አሸሹ። እሷ ጣሪያውን አየች፤ እሱ ውሃውን አየ። መዳፉን ሲያነሳ አልሰመጠችም፤ ተናደደች እንጂ።

የመወዳደሪያውን ልብስ ግዢ ቢላት አሻፈረኝ አለች። «የራሴ እጅ እያለልኝ!» ደንበኛ ስትለካ «ተንፍሺ! ልብስ ነው ለሰው የሚሰፋው፣ ሰው ለልብስ አይሰፋም» ብላ የምትቆጣ ሴት፣ ለራሷ ሲሆን መስታወት ፊት ቆመች። በእሱ ዓይን ራሷን አየች። ሆዷን ሰበሰበች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ሜትሩን በወገቧ አዞረች። ኩራት እንዲህ ነው፤ ሜትር ያታልላል።

የውድድሩ ቀን ያሳደገቻት አክስቷ ጃንጥላ ይዛ ሐይቁ ዳር ተቀመጠች። «ዓሣ እንኳ የሚወጣበት አጥቶ ነው እዚያ የሚኖረው። አንቺ ምን ጥሎሽ ትገቢያለሽ?»

ገባች። ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ተይዞ አይዘለቅም። መተንፈስ ግድ ሆነ፤ ልብሱ ደግሞ እምቢ አለ። ሐይቁ መሃል ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ጠርርር ብሎ ተተረተረ። ከሁሉም ኋላ፣ ከጠባቂዎቹ ጀልባ ጎን ጎን እየተጎተተች ወጣች። ዳር ያለው ሰው አጨበጨበላት። ከዚያ የተቀደደውን አየ። ጭብጨባው ሳቅ ሆነ።

ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ፣ ክንፏ እንደተሰበረ ዶሮ ወደ ብስክሌቶቹ ሮጠች። ጠጋኙ የተወዳዳሪዎችን ጎማ እየነፋ በጓደኞቹ መሃል ቆሟል። የዋና ቆብና መነጽሯ አሳስቶት ሰፊዋን ያልለያት ረጅሙ የሳቅ እንባውን እየጠረገ «ታውቃታለህ እንዴ?» አለው።

ጠጋኙ መንፊያው ላይ አቀረቀረ።

«ደንበኛ ናት። ጎማ ታስነፋለች።»

ሰማችው። ልብሷ ሲተረተር እንዲህ አላመማትም።

ቃሉን የሰማችው አክስቷ ጃንጥላዋን እየወዘወዘች ደረሰች። «ምን ታፈጣላችሁ? ሴት አልወለዳችሁም?» ከሻርፗ ላይ መርፌ ቁልፎቿን ነቅላ የተቀደደውን ታያይዝ ጀመር። «አፈርሽ?»

«መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ።»

«መሬቱማ ሥራ አለበት። ልክሽን ማን ወሰደው?»

«እኔው።»

«እንግዲያው ያንቺን እፍረት ቻዪው። የሰውየውን ግን አትሸከሚለት።»

ብስክሌቱን ነዳች። መርፌ ቁልፎቹ በየርግጫው ወጓት፤ ያቺ ቃል ደግሞ ከመርፌዎቹ በላይ። ደንበኛ ናት። ሰው በሌለበት መንገድ አለቀሰችና በነፋሱ አሳበበች። ከብስክሌት ወርዳ ስትሮጥ እግሯ እንጨት ሆነ። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ወንበር እየታጠፈ ነው። የጠበቋት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ጃንጥላዋን እንደ ከበሮ የምትደበድበው አክስቷና መንፊያውን አሁንም ከእጁ ያልለቀቀው ጠጋኙ።

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ውሃ ዘረጋላት። ጠጣች።

«ሰምተሻል፣ አይደል?»

«ልብሴ ተቀደደ እንጂ ጆሮዬ አልተደፈነም።»

«አፍሬ ነው።»

«በእኔ?»

የመንፊያውን እጀታ ጨበጠ።

«ያኔ አዎ። ሲስቁ ጊዜ በእኔም እንዳይስቁ ፈራሁ። አሁን ያፈርኩት በራሴ ነው። ነገ ሱቅሽ መጥቼ ለብቻችን እንነጋገር። እወድሻለሁ እኮ።»

ይህችን ቃል ስትጠብቅ የከረመች ሴት ናት። ልቧ ጥሏት ሊሄድለት ነበር፤ በግድ ያዘችው።

«እኔም አፍሬአለሁ» አለች። «ላንተ ቀጭን ልምሰል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ተለካሁ። የእኔን እፍረት ይኸው አገር አየው። ያንተ በጓዳ ሊያልቅ ነው?»

ወዲያ ማዶ ጓደኞቹ ብስክሌት መኪና ላይ እየጫኑ ነው። ረጅሙ እጁን እያወዛወዘ «ና እንጂ!» ይለዋል።

መንፊያውን ከእጁ ወስዳ ለአክስቷ ሰጠቻት። ከዚያ እርጥብ እጇን በባዶ እጁ ውስጥ ከተተች።

«ታውቃታለህ ወይ ብለው ጠይቀውሃል። እዚሁ ቆሜአለሁ። ጥራቸውና መልስላቸው። ጮክ ብለህ!»