የእሁድ ተረኛ

በሙት መንፈስ ምናምን አላምንም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ላብራቶሪ ነው፣ እዚህ ሶዶ ለምርምር የሚረቡ ነጭ አይጦችን እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው፣ ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ አንጁሎ ነው። ወደ አይጦቹ ክፍል ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም፣ ሁለቴ ያንኳኳና በወላይትኛ «ሳሮ» ብሎ ሰላም ይላቸዋል፣ ሁሉም ከሰጋቱራቸው ብቅ ይላሉ። ሲያነሳቸውም እንደኛ በጅራት አንጠልጥሎ አይደለም፣ በሁለት መዳፉ አቅፎ ነው። «አንቺን ሰው በፀጉርሽ ጎትቶ ቢያነሳሽ ደስ ይልሻል?» ይለኛል። ኋላ አዲስ ኃላፊ መጣና «ሰውዬው ሥራ ያጓትታል፣ ሰርተፍኬትም የለው» አለ፣ እኔን ጠርቶ «የማን አያያዝ ይሻላል?» ሲለኝ፣ እመኑኝ፣ መልሱን አውቀው ነበር፣ ግን ቋሚ ቅጥሬን እየጠበቅኩ ነበርና ዝም አልኩ። ጋሽ አንጁሎን ጥበቃ ላይ መደቡት፣ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገሱባ ገባ፣ እዚያው አረፈ። አፍሬ ለቅሶውም አልሄድኩ።

ዘንድሮ አዲስ ሥልጠና መጣ፣ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? በጅራት ማንሳት ቀርቷል፣ በመዳፍ ነው! ሰኞ የተግባር ፈተና ስላለን እሁድ ከሰዓት በተራዬ ብቻዬን ልለማመድ ገባሁ፣ አይጦቹ ግን እጄን ባዩ ቁጥር ጥጋቸውን ይይዛሉ። ምነው አሁን በኖርክ ጋሼ፣ አልኩና አለቀስኩ፣ በጣም ናፈቀኝ።

ያኔ በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።

«ግባ» አልኩ፣ የሚገባ የለም። ዞር ስል በየኬጁ ያሉት አይጦች በሙሉ ወደ በሩ ዞረው በኋላ እግራቸው ቆመዋል። ከፈትኩት፣ ኮሪደሩን ስገባ ነው የወለወልኩት፣ ገና እርጥብ ነው፣ ዱካ የለበትም። ዘበኛው ጋ ደወልኩ። «ከአንቺ በቀር ማን ገባ እህቴ? የውጪው በር እኮ ተቆልፏል» አለኝ። ተመልሼ መዳፌን ኬጁ ውስጥ ዘረጋሁ፣ አንዷ አይጥ ራሷ መጥታ ወጣችበት፣ የምታየው ግን እኔን አይደለም፣ ከትከሻዬ በላይ ነው።

ይቅር በለኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ከሌለ አብጃለሁ፣ ካለ ደግሞ ምን ይለኛል? ዝም አልኩ። አይጧ ወርዳ ሰጋቱራዋ ውስጥ ገባች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ፈተናውን አለፍኩ። አሁን የሰው ሁሉ የእሁድ ተራ እየለመንኩ እወስዳለሁ፣ ጓደኞቼ ትርፍ ሰዓት ፈልጋ ነው ይላሉ፣ እኔ ያቺን የይቅርታ ቃሌን አፌ ላይ ይዤ እስኪመሽ እቀመጣለሁ። ጋሼ እስካሁን ተመልሶ አልመጣም።