በየቅዳሜው የምትሰጥም ፀጉር

ትኬት ሻጯ ፀጉሯን ያቃጠለችው በእሳት አይደለም፤ በወሬ ነው።

የሚያነጣውን ዱቄት በጥብጣ ራሷን ለስና እንደጨረሰች ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ነበረች፤ ከባሏ ተጣልታለች። የጠቡን ምክንያት ሰምታ፣ አስታርቃ፣ እንደገና አጣልታ ስትዘጋው፣ ግማሽ ሰዓት መቆየት የነበረበት ብሊች ሁለት ሰዓት ሞልቶታል። ስትታጠበው እጇ ላይ የቀረው ፀጉር አንድ ትራስ ይሞላል። ራሷ ላይ የተረፈው ደግሞ ሲነኩት እንደ ብስኩት ኩርሽም ይላል።

«ልጄ» አሉ እናቷ አገላብጠው አይተዋት፣ «ዶሮ እንዳታይሽ፤ እንቁላል ትጥልብሻለች።»

ሥራዋ ደግሞ መደበቅ አይፈቅድም። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ከትንሽ መስኮት ጀርባ ነው የምትቀመጠው፤ ተሳፋሪ ከሷ የሚያየው ራሷን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሾፌሮቹ «ገለባ» ብለው ስም አወጡላት። በአራተኛው ቀን በሻሽ ተጠቅልላ ፀጉር ቤት ገባች።

የተቀበላት ረጅም ወጣት ጺሙ ድፍን ያለ፣ ራሱ ግን የተወለወለ መላጣ ነበር።

«የተቃጠለ ፀጉር ያድናል የሚሉት አንተን ነው?»

«እኔን ነው።»

«የራስህን ምነው ሳታድነው?»

«የራሴንማ ለደንበኛ አከፋፍዬ ጨረስኩት» አለ ሳይስቅ። «ፍቺው የኔ እህት።»

ፈታችው። በጣቶቹ ከፋፍሎ አየው። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም እያያት ነበር። ቀድማ ያቀረቀረችው እሷ ናት።

«ትስቃለህ ብዬ ነበር።»

«በታመመ አይሳቅም» አለና አንዲት ዘለላ ነቅሎ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ላይ ጣላት። ዘለላዋ እንደ ድንጋይ ወረደች። «አየሽ? የተጎዳ ፀጉር ውሃ ይጠጣል፤ ይሰጥማል። ጤነኛው ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ቀን ከኔ ትገላገያለሽ።»

እስከ ጆሮዋ ቆረጠላት። ማድረቂያ ፎን የለም፣ መተኮሻ ፒያስትራ የለም፣ ቀለም የሚባል ነገር በስሙም እንዳትጠሪው አላት። በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ላይ፤ ስትተኚ የሳቲን ሻሽ፤ በየቅዳሜው አሥር ሰዓት ላይ እዚህ ወንበር ላይ።

የቤቱ ባለቤት አክስቱ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። እትዬ ሁለት ሕግ አላቸው፤ ሁለቱም በሩ ላይ ተለጥፏል። አንደኛ፣ ፀጉሩ የተንሳፈፈለት ሰው ሰዓቱን ለተረኛ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ደንበኛ ያሽኮረመመ ሠራተኛ መቀሱን ይዞ ይወጣል፤ «የእህት ልጅም ቢሆን» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ጨምረውበታል።

ስለዚህ ልጁ አላሽኮረመመም። ብቻ ውሃው ለብ ማለቱን በክንዱ ሳይለካ ራሷ ላይ አያፈስም። ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ በመዳፉ ይከልላል። ብቻ ቅባቱን ከጫፍ ጫፍ ሲያለብሰው፣ የሌላው ደንበኛ ሩብ ሰዓት የሷ አንድ ሰዓት ይሆናል።

«አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ» ይላታል፤ «አጭር ፀጉር ይዛ ገባች፣ አንድ ቅባት ቀባኋት፣ ስትወጣ ፀጉሯ በር ላይ ተያዘ። ግማሹ ገና ወንበሩ ላይ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አንድ ተሳፋሪ ነበረኝ» ትላለች፤ «ትኬት ሊቆርጥ መጥቶ ራሴን ቢያይ፣ ፀሐይ ወጣ ብሎ አውቶቡሱ ያመለጠው መስሎት አለቀሰ።»

እየዋሹ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ይተያዩና ሁለቱም ያቀረቅራሉ። መተያየቱ ከውሸቱ ሁሉ የበለጠ እውነት ነበረው።

ከአሥረኛው ቅዳሜ በኋላ፣ እሁድ ጠዋት፣ ቤቷ አንዲት ዘለላ ነቅላ ውሃ ላይ ጣለች። ተንሳፈፈች። ብታስጠምቃት እየተነሳች ተንሳፈፈች። ፀጉሯ እንዲህ ሲንሳፈፍ ልቧ ሰጠመ። ቅዳሜዋ ለየትኛዋ ሴት ሊሰጥባት ነው?

ነገር ግን ቦርሳዋ ውስጥ የክብሪት ሳጥን ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ከፀጉር ቤቱ ወለል ላይ ለማስታወሻ ያነሳቻት የተቃጠለች ቁንጥር ፀጉር ውስጧ አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የብርጭቆው ፈተና ሲደርስ «ስትነቅል ያመኛል፣ እኔው ልንቀል» አለችና ከጣቶቿ መሃል ያችን የተቃጠለችዋን ለቀቀች።

«ሰጠመች» አለ እሱ ፊቱን አኮሳትሮ።

«ወይኔ! ምን ይሻላል?»

«ምን ይደረጋል፤ ቅዳሜ ነይ።»

አምስት ቅዳሜ እንዲህ ሰጠመች። የሰው ፀጉር ሳይሆን መልሕቅ የምታበቅል ይመስል ነበር።

በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ብርጭቆው ተሞልቶ መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ፣ እትዬ ፀሐይ አቃጥሏቸው ከውጭ ገቡ።

«ውሃ! ውሃ!» አሉና ብድግ አድርገው በአንዴ ጨለጡት።

«አክስቴ እሱን አይ…» አለ ልጁ። ዘገየ።

እትዬ አንዴ ሲያስነጥሱ ሁለት አረፋ ከአፍንጫቸው ወጥቶ መብራቱ ድረስ ተንሳፈፈ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ራሳቸውን አወጡ።

«ይሄ ውሃ ነው የልብስ ማጠቢያ?! ሻምፑ ጨምረህበታል! አንተ ልጅ፣ ሻምፑ በገባበት ውሃ ላይ የማን ፀጉር ነው የሚንሳፈፈው? የማንም ይሰጥማል!»

ትኬት ሻጯ ከወንበሯ ተነሳች። የራሷን ጉድ ጨርሳ ረስታዋለች።

«አምስት ሳምንት አልዳንሽም እያልክ ታሾፍብኛለህ? አምኜህ ነበር እኮ!»

«አላሾፍኩም» አለ፤ ያ የወሬ ጎተራ ድምፁ ጠፍቶ። «ከተንሳፈፈች ትሄጃለሽ ብዬ ነው።»

ይህን ለመስማት አልቆመችም። ለመሄድ ሻሿን ከቦርሳዋ መንጭቃ ስታወጣ፣ የክብሪት ሳጥኗ ተከትላ ወጣች፤ ወለሉ ላይ ወድቃም ተከፈተች። ቢጫ ፀጉር ተበተነ።

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ አንዷን አነሳ። የራሱን መቀስ ሥራ ያጣዋል እንዴ! «ይሄ የመጀመሪያው ቀን የቆረጥኩት ነው።»

«ለ… ለማስታወሻ ነው» አለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

«ታዲያ ለማስታወሻ ከሆነ በየሳምንቱ ‹እኔው ልንቀል› ያልሽው ለምንድን ነው?» አሉ እትዬ አረፋቸውን እየጠረጉ። «አንዱ ውሃውን ይመርዛል፣ አንዷ ፀጉሩን ትለውጣለች! አንዳችሁ ብትዋሹ አይበቃም ነበር?»

ራሳቸው ብርጭቆውን አጥበው ንጹሕ ውሃ ቀዱ። ራሳቸው ከልጅቷ ራስ ላይ አንዲት ዘለላ ነቅለው ጣሉ። ዘለላዋ ውሃው ላይ ጋደም አለች፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ድናለች» አሉ እትዬ። «ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ደንበኛዬ አይደለችም። ሰዓቷ ለተረኛ ተሰጥቷል።»

ያ የፈራችው ቃል ነበር። ሻሿን ጨብጣ ወደ በሩ ዞረች። ልጁ ባለበት ተገትሮ ቀረ።

«አንተ! ምን ይገትርሃል?» አሉት እትዬ። «ሕጌን አንብበው እንጂ! ደንበኛ ነው የሚለው። ይቺ መንገደኛ ናት።»

ልጁ በሩን አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስንት ውሸት ያለ ችግር ያወራ አፉ አንዲት እውነት ሊናገር ሲል ተንተባተበ።

«እሁድ… አውቶቡስ አለ?»

«ወዴት?»

«አንቺ ወደምትሄጂበት።»

ቆመች። ሻሹን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «እሁድ መስኮቴ ዝግ ነው» አለች፤ «እኔ ግን ከመስኮቱ ውጭ ነኝ።»

ያን ጊዜ ልጁ ከጺሙ አንዲት ፀጉር ነቀለ፤ «ዋይ!» ብሎ ብርጭቆው ላይ ጣላት። አጭሯ ጥቁር ከአንዱ ጠርዝ፣ ረጅሟ የሷ ከሌላው ጠርዝ ተንሳፈፉ። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ሲያይ፣ ማንም ሳይነካቸው ቀስ እያሉ ተጠጉ፤ ተጠጉና ተጣበቁ።

«እሺ፣ አያችሁ፣ በቃ» አሉ እትዬ ዓይናቸውን በፎጣ እየነካኩ። «አሁን የሚጠጣ ውሃ ስጡኝ። ከጠርሙስ! ክዳኑንም እኔው እከፍታለሁ!»