ጥቁሯ ኑግ ከመስኮት እስከ ኖፓ

ሰማዩ ሳይታሰብ ተቀደደ። ሀያት የሶር ፏፏቴን ቁልቁለት ገና ሳታጋምስ ዝናቡ እንደ ጠጠር ወረደባት፤ መንገዱም ባንድ አፍታ ጭቃ ሆነ። ክዳን ያለውን ቅርጫት በሁለት እጇ አቅፋ ተንሸራተተች።

«ሱታ! ቀስ በይ፣ ኢንተላ ኮ! ልጄ!» አሉ ከፊቷ የሚወርዱት ኦቦ አራርሳ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ማር ቆራጭ ናቸው፤ ቀፎ ለመስቀል ያልወጡበት ዛፍ በዚህ ጫካ የለም። ገመዳቸውን ከወገባቸው ፈትተው ጫፉን ወረወሩላት። ያዘች፣ ወደቀች፣ ተነሳች። ቅርጫቱ ግን መሬት አልነካም።

ቅርጫቱ ውስጥ ያሉት ሰባት እስስቶች ናቸው። አዎ፣ እስስት! መቱ ውስጥ ስንቱ ሰው እስስት አይቶ መንገድ ሲቀይር፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ሀያት ግን ኑግ የምትባል ጥቁር እስስት በመስኮቷ ላይ ካኖረች ሁለት ዓመቷ ነው። «ኑግ የሶርም የኖፓም አይደለችም፣ የመቱ ዓይነት ናት! እንዲህ ያለ ጥቁር የትም አታገኙም!» እያለች ለተማሪውም ለጎረቤቱም ታወራለች። በሷ የመጣ ወዮለት።

ሌሎቹን ስድስቱን አምባዬ የሚባል ነጋዴ በሻንጣ ደብቆ ወደ አዲስ አበባ ሊጭናቸው ሲል መናኸሪያ ላይ ተያዘ። የያዙት ሰዎች ግን እስስቶቹን ማን ይንካቸው! ወስደው «ለእስስቷ መምህርት» አስረከቡ። እሷም በሰው ፊት ቃል ገባች፦ «እያንዳንዷን ከተገኘችበት እመልሳታለሁ።» ነገሩ የዋዛ አልነበረም። የሶሯ እስስት የለመደችው እርጥበት ነው፤ ፀሐያማው ኖፓ ላይ ብትለቀቅ ትደርቃለች። የኖፓዋም የፏፏቴው ጭጋግ ውስጥ ሳምንት አትቆይም።

የሀያት መለያ ቀለም ነበር። ሁለቱ አረንጓዴ ለሶር፣ ሁለቱ ቢጫ ለኖፓ፣ እንደ ኑግ የጠቆሩት ሁለቱ ደግሞ ለመቱ። ኑግንም ለማነጻጸሪያ ይዛታለች።

«እግራቸው ላይ ክር ብታስሪላቸውስ?» ብለዋት ነበር ኦቦ አራርሳ ጠዋት።

«ኧረ ኦቦ አራርሳ! ቀለማቸው እያለ ክር ምን ሊያደርግ?»

እሳቸውም ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው መንገድ ጀመሩ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው ጅረት ሞልቶ ያገሳል። መሻገሪያው አንድ የወደቀ ግንድ ብቻ ነው። ኦቦ አራርሳ በባዶ እግራቸው ሮጠው አለፉ። ሀያት መሃል ስትደርስ ግንዱ ተንከባለለ፤ ውሃው እስከ ወገቧ ዋጣት። ቅርጫቱን ከራሷ በላይ አነሳች፤ ክዳኑ ተከፈተና አንዷ እስስት ወጥታ አውራ ጣቷን ነከሰቻት።

«እስስት ከነከሰች ሰማይ ካልነጎደ አትለቅም!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው፣ በገመዱ እየጎተቷት።

ሰማዩ የሰማ ይመስል ጓ! አለ። እስስቷም ለቀቀች። ሀያት ጭቃው ላይ ተዘርግታ ሳቀች፤ እስስቷን ግን ጭብጥ አድርጋ ይዛት ነበር።

ሳቋን ሳትጨርስ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ትልቁ ወንዱ በሁለት ዝላይ ደርሶ የቅርጫቱን እጀታ ያዘ። ሀያትም አልለቀቀችም፣ እሱም አልለቀቀም። «ያ ረቢ!» እያለች ጭቃው ላይ ተጎተተች። ኦቦ አራርሳ ንብ የሚያጨሱበትን ደረቅ ቅርፊት ከላስቲክ አውጥተው ለኮሱና ጭሱን ፊቱ ላይ ለቀቁበት። ዝንጀሮው አስነጠሰ፣ ጥርሱን አሳየ፣ መንጋውን ይዞ ሄደ። ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው ጃል!

ሀያት ቅርጫቱን ከፈተች። ክው ብላ ቀረች። አረንጓዴ የለም፣ ቢጫ የለም። ሰባቱም ከሰል ሆነዋል።

«ሁሉም አንድ ሆኑብኝ!» አለች። «የቷን የት ልልቀቅ?»

«እኔ ልንገርሻ!» አለ ከበስተጀርባቸው ሰው። አምባዬ ነበር፤ በዋስ ተለቆ ከመቱ ጀምሮ ሲከተላቸው ኖሯል። እጁ ላይ ወፍራም ጓንት አጥልቋል። «ከጫካ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፤ የትኛዋ ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። ሁለቱን ስጪኝ፣ አራቱን ታድኛለሽ። ቃል ገብተሻል አይደል?»

አምባዬ እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል። ሀያት ለአፍታ ልቧ ከዳት፤ አራት ማዳን ከምንም ይሻላል። ግን ጓንቱን አየች። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ሲነግድ አንዷን እንኳ በእጁ ዳብሶ አያውቅም!

ቅርጫቱን ዘረገፈችው። ሁለቷን ትከሻዋ ላይ፣ ሁለቷን ክንዷ ላይ፣ ሁለቷን ሻሿ ላይ አስቀመጠች፤ ኑግን አንገቷ ስር። «ና ውሰዳቸዋ!» እያለች ወደ ፊቱ ተራመደች።

«ኧረ ወዲያ! አትጠጊኝ!» አምባዬ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ሥር አደናቀፈው፣ ተነሥቶ ሽቅብ ሮጠ።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ገባች። ኦቦ አራርሳ ስድስቱን ባንድ ቅርንጫፍ ላይ አስወጥተው «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ፣ አትፍሪ» እያሉ አንሾካሾኩላቸው። ከዚያ ሀያትን በእጃቸው ይዘው ወደ ኋላ ወሰዷት። «ቀፎ የሚሰቅል ሰው መጠበቅ ያውቃል። ተቀመጪ።»

ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። መጀመሪያ አንዷ ጎኗን ከፈተች፤ ጥቁሩ ቀስ እያለ ለቀቃትና ለምለም አረንጓዴ ወጣ፣ ከጉሮሮዋ ስር ሰማያዊ ተረጨ። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋም ተከተሏት። የቀሩት ሦስቱ የማር ቢጫ ሆኑ፤ በጎናቸውም ቀይ መስመር ከአንገት እስከ ጅራት ሮጠ። ለመቱ ብላ የለየቻቸው ሁለቱም አንዷ የሶር፣ አንዷ የኖፓ ነበሩ!

«ጥቁር አገር አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ፍርሃት ነው። ሲፈሩ ሁሉም አንድ ናቸው።»

ሀያት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ኑግ እንደጠቆረች ናት።

«እሷንም አውርጃት።»

«እሷ የመቱ ናት» አለች ሀያት በቁጣ።

የሶሮቹን ሦስት እዚያው ለቀው በማግስቱ ኖፓ ደረሱ። ሦስቱ ቢጫዎች ወደ ቁጥቋጦው ዘለቁ። ሀያት ኑግን በመዳፏ ይዛ ረጅም ሰዓት ቆመች። ሁለት ዓመት የኮራችበት ነገር በመዳፏ ውስጥ ነበር። በመጨረሻ ቅርንጫፉ ላይ አኖረቻትና አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

ኑግ አንድ ዓይኗን አዞረች። አንድ እግር አነሳች፣ ሌላውን አስከተለች። ከዚያ ከጎኗ መሃል ወርቅ የመሰለ ቢጫ ፈነጠቀ፤ ቀዩም መስመር ደምቆ ወጣ፤ ከሁሉም ደምቆ! ሀያት ይህን ቀለም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላየችውም። ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ትል ነበር።

ሰኞ ተማሪዎቿ ባዶውን መስኮት አይተው ጠየቁ፦ «መምህርት፣ የመቱ ዓይነቷ የት ሄደች?»

«የመቱ ዓይነት የሚባል የለም» አለች ሀያት። «እኔን ፈርታ ነበር።»